አያት ቢጠፋ ንጉሥ ይተካል?

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ከነበሩኝ ተማሪዎች አንዷ፣ አሁን ካናዳ የምትኖር፣ ባለፈው ክረምት በሰው እጅ አንድ ትልቅ ጥቅል ላከችልኝ። ስፈታው የዘር ሐረግ ነው። ዳር ዳሩ በወርቅ ቀለም የተዘመዘመ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ያማረ ነገር። የእሷ አይደለም፤ የባለቤቷ ነው። ሰውየው እዚያው ካናዳ የተወለደ ሲሆን ዘሩ ከስኮትላንድ፣ ሃይላንድ ከሚባለው ደጋማው ክፍል የተሰደደ ነው። ልጃቸው ስድስት ዓመት ሲሞላው አባትየው ‹‹ከየት እንደመጣ ይወቅ›› አለና የዘር ሐረግ እናጠናለን ወደሚሉ ሰዎች ዘንድ ሄዶ፣ ጠቀም ያለ ገንዘብ ከፍሎ አሠራው። ዋናውን ሳሎን ሰቅለው ቅጂውን ነው የላከችልኝ። ከላይ ጋሻና አንበሳ፣ ከሥር የልጁ ስም፣ በመካከል ሃያ ሦስት ትውልድ። ጫፉ ላይ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሮበርት ብሩስ! በ1306 ዘውድ የጫነው፣ በ1314 ባኖክበርን ላይ እንግሊዞችን ድል የነሣው የስኮትላንድ ንጉሥ።

ከጥቅሉ ጋር የመጣችው ደብዳቤ አጭር ናት። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ የእኛን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ሲያቀሉት ኖረዋል። እስቲ ይቺንም ይዩልኝ። አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ማወቅ አቃተኝ።››

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ይሁንና ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው የማይለቀው አመል አለው፤ የተጻፈ ነገር ሲሰጡት ‹‹ይህን የሚነግረኝ ማን ነው? እሱስ በምን አወቀ?›› ይላል። ልብ ወለድ ውስጥ ተራኪው ሊያውቅ የማይችለውን ማወቅ ሲጀምር እንነቃበታለን። የዘር ሐረግም ላይ እንዲህ ያለ ቦታ መኖር አለበት ብዬ ተቀመጥኩ። የስኮትላንድን መዛግብት ነገር ቀደም ሲልም በትርፍ ጊዜዬ ሳገላብጥ ቆይቻለሁ፤ ለዚህ ምክንያት የሆነኝ ጀምስ ብሩስ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ከታች ጀመርኩ። ከልጁ እስከ ስምንተኛው ትውልድ ድረስ ነገሩ ንጹሕ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲሰፍር ግዴታ የሆነው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ጀምሮ ነው፤ የዚያ የመጀመሪያው ዓመት ቅጽ ደግሞ ጠያቂነቱ ለጉድ ነበር። ሰው ሲሞት የአባቱና የእናቱ ስም፣ የተወለደበት ቦታ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የልጆቹ ስም ከነዕድሜያቸው፣ የተቀበረበት ሥፍራ ሳይቀር ይጻፋል። ለመዝጋቢዎቹ ሳይበዛባቸው አልቀረም መሰለኝ፣ በዓመቱ ቅጹ አጠረ፤ በ1861 ከተቀነሰው ጥቂቱ ተመለሰ። ስለዚህ ስኮት አያቱን የሚፈልግ ሰው፣ አያቱ በ1855 ሞተውለት እንደሆነ ሎተሪ እንደወጣለት ይቆጥረዋል። ሲሞቱም ዓመት መርጦ ነው! የተማሪዬ ባል ዕድለኛ ነው። ልጁን ወደ ካናዳ ሸኝቶ እዚያው የቀረው ስምንተኛው አያት የሞተው በ1855 ነው። ዕድሜው 70 ይላል። የእናቱና የአባቱ ስም ተጽፏል፤ ዘጠነኛው ትውልድም በዚሁ ተገኘ። አስመዝጋቢው የሟቹ ልጅ ነው። እሱ ከመወለዱ በፊት የሆነውን ከሰማው ነው የተናገረው፤ ይህን ለጊዜው እናቆየው።

ከ1855 ወደ ኋላ ግን መንገዱ ጭቃ ነው። መዝገቡን የሚይዘው የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ነበር። አጥቢያዎች ክርስትናንና የጋብቻ ማስታወቂያን እንዲመዘግቡ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤ ያዘዘው በ1552 ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ከተረፉት መዝገቦች ቀዳሚው፣ ፐርዝሻየር ውስጥ ያለው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ፣ ከ1553 ይጀምራል። ይህን የሰማ ሰው ‹‹በል እንግዲህ፣ የሦስት መቶ ዓመት መዝገብ አለልኝ›› ብሎ እጁን ያሻሻል። ይረጋጋ። ኤሮል አንድ ነው፤ አጥቢያዎቹ ግን 900 ገደማ ናቸው። በደጋውና በደሴቶቹ ብዙ ቦታ መዝገብ የተጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ግፋ ሲልም ከዚያ በኋላ ነው። የተጀመረውም ጸሐፊው ሲሞት ይቋረጣል፣ እርጥበት ይበላዋል። ደግሞ በ1733 እና በ1843 ከቤተ ክርስቲያኒቱ ተገንጥለው የወጡ ምእመናን አሉ፤ እነሱ የራሳቸውን መዝገብ ያዙ ወይም ሳይዙ ቀሩ። ካቶሊኮቹም ለብቻቸው ናቸው።

በዚህ ላይ ቀረጥ መጣ። መንግሥት በ1783 ለእያንዳንዱ የክርስትና፣ የጋብቻና የቀብር ምዝገባ 3 ፔንስ ይከፈል አለ፤ ቀረጡ እስከ 1794 ቆየ። ድሃ ምን ያድርግ? ልጁን ያስጠምቃል፣ ማስመዝገቡን ይተወዋል። ስምንተኛው አያት በ1855 ሰባ ዓመቱ ከነበረ የተወለደው በ1785 ገደማ ነው፤ ልክ ቀረጡ መካከል! ወርቅ ቅቡ ሐረግ ላይ ግን የተጠመቀበት ቀን ሳይቀር ሰፍሯል። ከየት መጣ? ሳጣራ ቀኑ የተወሰደው ከሌላ አጥቢያ፣ ስሙ አንድ ዓይነት ከሆነ ሌላ ሕፃን ነው።

ሞክሼ ደግሞ በዚያ አገር ሞልቷል። ልማዳቸው የመጀመሪያውን ወንድ ልጅ በአባትየው አባት፣ ሁለተኛውን በእናትየው አባት መሰየም ነው። አንድ ሽማግሌ አራት ወንዶች ልጆች ካሉት፣ አራቱም የበኩር ልጃቸውን በእሱ ይሰይማሉ። እንግዲህ በአንድ መንደር፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ የስማቸው ፊደል እንኳ የማይለያይ አራት የአጎት ልጆች አሉ ማለት ነው። የትኛው ነው የኛ? በደጋው አገር ደግሞ ሰዉ የሚጠራው እንደ እኛው በአባቱና በአያቱ ነበር። በጌሊክ ቋንቋቸው ‹‹ማክ›› ማለት የእገሌ ልጅ ማለት ነው፤ ለሴቷ ‹‹ኒክ›› ይባላል። መዝገቡን የሚጽፈው ሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው፤ ጌሊኩን እንደመሰለው ይተረጉመዋል። አንዱን ሰው ዛሬ በአባቱ ስም፣ ነገ በባላባቱ ስም ይጽፈዋል። ኦይሪክ የሚባል የቆየ የሴቶች ስም አላቸው፤ አንዳንዱ ጸሐፊ ‹‹ኤፊ›› ይለዋል፣ አንዳንዱ ‹‹ዩፌሚያ›› ይለዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ ‹‹አፍሪካ›› ብሎ ይጽፈዋል! ለችኩል ዘር ቆጣሪ ይቺ አንዲት ቃል ምን ያህል ታሪክ እንደምታስፈጥረው አስቡት።

አንድ ነገር ሳላመሰግናቸው አላልፍም። ሴቶቻቸው ሲያገቡ መዝገብ ላይ የገዛ አባታቸው ስም አይጠፋም። የእንግሊዝን ሴቶች የፈለገ ሰው ይህ ምን ያህል ውለታ እንደሆነ ያውቃል።

ስለ ሞት ብዙ የሚባል የለም፤ ብዙ አጥቢያ ቀብርን አይመዘግብም ነበር። የሚመዘገበው የጨርቅ ኪራይ ነው። አጥቢያው የሬሳ መሸፈኛ ጥቁር ጨርቅ አለው፤ የሟች ቤተሰብ ይከራየዋል፤ ኪራዩ ሒሳብ ላይ ይወርዳል። ሰውየው መሞቱ የሚታወቀው ጨርቅ በመከራየቱ ነው። መከራየት ያልቻለውስ? ጋብቻም ቢሆን ሁለቱ ሰዎች ‹‹ተጋብተናል›› ካሉ ያለ ቄስ ያለ ወረቀት በሕግ የጸና ነበር፤ እስከ 1940 ድረስ!

እኔን ከሁሉ የሳበኝ ግን ሌላ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ የሽማግሌዎች ጉባኤ ነበረው፤ ቄሱ ሰብሳቢ፣ ሽማግሌዎቹ ዳኞች። በሰንበት የሠራ፣ የሰከረ፣ ጎረቤቱን የተሳደበ እዚያ ይቆማል። በብዛት የምትቆመው ግን ሳታገባ ያረገዘች ሴት ናት። አባቱ ማን ነው? የት ተገናኛችሁ? መቼ? ማን አያችሁ? እያሉ ይጠይቋታል፤ ጸሐፊው ‹‹እንዲህ ስትል መለሰች›› እያለ ይጽፋል። ጥፋተኛ የተባለ ሰው ምእመናኑ ፊት የንስሐ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ እሑድ አይበቃም፣ ደጋግሞ ነው። ይኸው ጉባኤ ለድሆች የሚሰጠውን ምጽዋትም ይቆጣጠራል፤ ለየትኛዋ መበለት ስንት ሽልንግ እንደተሰጠ ተጽፏል። ርስት የሌላት፣ ኑዛዜ የማትተው፣ ፊርማዋን የማታውቅ የገጠር ሴት በዚያ ዘመን የገዛ ቃሏ ወረቀት ላይ የሚገኘው እዚህ ነው። ሌላ ቦታ አትፈልጓት። ድሃ መዝገብ ውስጥ የሚገባው ወይ ሲበድል ወይ ሲለምን ነው።

ባለርስቱስ? የእሱ ነገር ሌላ ነው። ርስት ሲሰጥ፣ ሲሸጥ፣ ሲወረስ፣ ሲካሰሱበት ይጻፋል። ከ1617 ጀምሮ የርስት ዝውውር የሚሰፍርበት መዝገብ ተቋቁሟል። ከዚያ በፊትም ነገሥታቱና ገዳማቱ የሰጡት በላቲን የተጻፈ የርስት ደብዳቤ አለ። እሱም ቢሆን ብዙ ጉድ ወርዶበታል። የእንግሊዙ ኤድዋርድ 1ኛ በ1296 አገሪቱን ሲወር መዛግብቱን ጭኖ ሄደ። በዚያው ዓመት ታማኝነታቸውን እንዲምሉ ያስገደዳቸውን የስኮትላንድ ባለርስቶች ስም አስጻፈ፤ ከ1500 በላይ ናቸው። ራግማን ሮል ይባላል። እንግሊዝኛ ላይ ለተንዛዛ ነገር ‹‹ሪግማሮል›› የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው ይባላል። አገሬው ተሸንፎ የማለበት ወረቀት ዛሬ ለዘር ቆጣሪው ትልቅ ሀብት ሆነ። ክሮምዌል በበኩሉ በ1651 መዛግብቱን እንደገና ወደ ለንደን አስጫነ። በ1660 ሲመለሱ ኤልዛቤት የምትባል መርከብ ኖርዘምበርላንድ ጠረፍ ላይ ሰጠመች፤ 85 በርሜል ሙሉ ወረቀት ባሕር ውስጥ ቀረ። የተረፈውም ዓመቱ ያደናግራል። እስከ 1600 ድረስ አዲስ ዓመታቸው የሚገባው ማርች 25 ቀን ነበር፤ ስለዚህ ‹‹ፌብሩዋሪ 1580›› ተብሎ የተጻፈው ዛሬ 1581 የምንለው ነው። ሁለት አቆጣጠር ይዞ መኖር ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ ሐረጉ ልመለስ። የሚገርመው ከአሥረኛው ትውልድ ወደ ላይ ያለው ክፍልም ጥሩ ነው! አሥረኛው በ1710ዎቹ የተወለደ የአንድ ባለርስት የመጨረሻ ልጅ ነው። ባለርስቶች ናቸውና ከአባት ወደ አባት ወረቀት አላቸው፤ እየተጋቡ እየተዋለዱ እስከ ብሩስ ቤት ያደርሳሉ። ታችኛው እውነት፣ ላይኛው እውነት። የተበላሸው መጋጠሚያው ነው። ዘጠነኛው የ1855ቱ ቅጽ ላይ ‹‹ጭሰኛ›› ተብሎ የተጻፈ ሰው ነው። አሥረኛው ባለርስት። አባትና ልጅ የሚያሰኛቸው ምን ማስረጃ አለ? አንድም የለም። የዘር ስማቸው አንድ ነው፤ አለቀ። ይኸው ነው ተማሪዬን የከነከናት።

የዘር ስም ደግሞ ከሁሉም የከፋ ምስክር ነው። በደጋው አገር ጭሰኛው የጌታውን ስም ይዞ መጠራቱ የተለመደ ነበር። ማክግሬጎር የሚለው ስም በ1603 በሕግ ታገደ፤ ስሙን የያዘ ይገደል ተባለ። በመካከል እገዳው ሠላሳ ዓመት ያህል ተነሥቶ ተመለሰ፤ ለአንዴም ለሁሌም የቀረው በ1774 ነው። እስከዚያ ድረስ ሰዎቹ ካምቤልም ድራሞንድም እየተባሉ ነው የኖሩት። እዚህ ላይ ነው የኛው ጀምስ ብሩስ የሚመጣው። በ1770 ጎንደር የገባው፣ መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ ይዞ የተመለሰው ብሩስ፣ በንጉሣዊ ዘሩ እጅግ የሚኮራ ሰው ነበር። ነገር ግን በአባት አባት ቢቆጠር ብሩስ አይደለም፣ ሄይ ነው። አያቱ ዴቪድ ሄይ የኪናርድን ርስት ወራሽ ሄለን ብሩስን ሲያገባ ስሟን ወሰደ፤ ስሙም ርስቱም የመጣው በሴት አያቱ በኩል ነው። የታወቀው ብሩስ እንዲህ ከሆነ፣ ያልታወቀው ጭሰኛ ስሙን ከየት እንዳገኘው ማን ይመሰክራል?

ያ ጋሻና አንበሳም የኩባንያው ቸርነት ነው። በስኮትላንድ ሕግ ጋሻ ያለው ሰው እንጂ ቤተሰብ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ ለወራሹ ይተላለፋል፣ የዘር ስሙ ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ ማንም አያነሣውም። ከ1672 ጀምሮ መዝገብ አለው፤ ተቆጣጣሪ ሹምም አለው።

ሌላው ቀልድ ሒሳቡ ነው። ሃያ ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ስንሄድ እያንዳንዳችን ከስምንት ሚሊዮን የሚበልጡ የአያት ቦታዎች አሉን። በሮበርት ብሩስ ጊዜ የስኮትላንድ ሕዝብ ቢበዛ አንድ ሚሊዮን ቢሆን ነው። አንዱ አያት በብዙ መንገድ እየተደጋገመ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ሕፃን ከብሩስ የመወለዱ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ የአገሩ ስኮት ሁሉ እንዲሁ ሊሆን ይችላል! ኩባንያው ገንዘብ የተቀበለው ከጎረቤት ሁሉ ጋር ለሚጋሩት ዝምድና ነው።

ኩባንያውን ብቻ መውቀስም አይገባም። መንግሥታቱም ያው ናቸው። በ1320 የስኮትላንድ መኳንንት ለጳጳሱ በጻፉት ዝነኛ ደብዳቤ፣ ሕዝባችን ከታላቋ እስኩቴስ መጥቶ፣ ባዕድ ሳይገባበት ከገዛ ዘሩ 113 ነገሥታት ነግሠውለታል ብለዋል። ሄክተር ቦይስ በ1527 ያልነበሩትን ነገሥታት ታሪክ ከነአመላቸው ጻፈላቸው። በ1680ዎቹ ያኮብ ደ ቬት የሚባል ሠዓሊ ተቀጥሮ ለኤድንብራው ቤተ መንግሥት ከመቶ በላይ የነገሥታት ሥዕል ሣለ፤ ያልነበረ ንጉሥ አፍንጫ አወጣለት። በ1729 ቶማስ ኢንስ የሚባል ካቶሊክ ቄስ ምንጩን እየጠየቀ እስኪያፈርሰው ድረስ ብዙ ሰው አምኖ ኖረ። ኢንስን እወደዋለሁ። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ነው።

እኛስ? እኛ እንኳ ‹‹ሰባት ቤት እንቆጥራለን›› እያልን ነው የምንኮራው። የተማሪዬ አባት ለልጅ ልጃቸው በስልክ እስከ ሰባተኛው ድረስ ያስቆጥሩታል። ቆንጆ ነው። ግን ሰባቱም ወንዶች ናቸው፤ እናቶቹ የሉም። ደግሞ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ፤ አያቱ ደጃዝማች ያልነበሩ ሰው አታገኙም። ፊታውራሪ እንኳ እየረከሰ ነው። አገሩ ሁሉ ደጃዝማች ከነበረ ማን አረሰ? ማን ፈጨ? የጠፋችዋን አያት ቦታ በባላባት ስንሞላ፣ መዝገብ ያጠፋትን ሴት እኛ ደግመን እናጠፋታለን። ስኮቶቹም ላይ ያበሳጨኝ ይኸው ነው። ያቺ ዘጠነኛ ሴት ልጇን ተሸክማ ድንች ስትቆፍር ኖራ፣ በሁለት መቶ ዓመቷ የባለርስት ቤት ምራት ሆነች።

ለተማሪዬ መልስ ስልክላት በአሥረኛው ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩበትና የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩ ‹‹የሽማግሌዎቹን ጉባኤ መዝገብ እዩ›› ብዬ ጻፍኩ። ከ2021 ጀምሮ ከእነዚህ መዝገቦች ብዙው በኢንተርኔት ይታያል።

ከአራት ወር በኋላ ጻፈችልኝ። ባልየው መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ የዚያን ዘመን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ መማር ጀመረ። በ1785 መዝገብ ላይ አንዲት የቤት ሠራተኛ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማለች፤ ስሟ የ1855ቱ ቅጽ ላይ የሟች እናት ተብሎ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው። አባቱን ተናገሪ ሲሏት ሁለት ጊዜ እምቢ አለች። በሦስተኛው ከሌላ አጥቢያ መጥቶ የሄደ የከብት ነጂ ስም ጠራች። ቅጹ ላይ ያለው የአባት ስም ሌላ ነው፤ ምናልባት በኋላ ያገባት ሰው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ የዘር ስሙም የእንጀራ አባት ስም ነው። እሷው ትሁን ሞክሼዋ ትሁን ግን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ይህንንም እሱው ራሱ ነው ያለው፣ ወድጄለታለሁ።

አሁን ማታ ማታ ልጁ ሲተኛ ገጽ በገጽ እያነበበ ነው አለችኝ፤ ሴቲቱ በርጩማው ላይ ስንት እሑድ እንደተቀመጠች ለማወቅ። እስካሁን ሦስት አግኝቷል። ወርቅ ቅቡ ሐረግ ግን ከሳሎኑ አልወረደም። ፍሬሙ ውድ ነው።